ጠገራ ብርና የቤተሰብ ቃል

በፎገራ ሜዳና በዙሪያው ባሉ ደጋዎች፣ ከአንበሳሜ እስከ ወረታ፣ ከወረታም አልፎ እስከ ይፋግና አዲስ ዘመን ባለው አገር፣ በቆየ ቤት ውስጥ ጠገራ ብር ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንዱ በጨርቅ ተቋጥሮ በሳጥን ግርጌ ተቀምጧል፤ ሌላው ጆሮ ተበጅቶለት በአያት አንገት ላይ ይውላል፤ ብዙው ደግሞ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀል፣ አንባር፣ አልቦ ሆኗል። ዛሬ እነዚህን ብሮች ፈልገው የሚገዙ ሰዎች አሉ። በሚዛን ይመዝናሉ፣ ዋጋ ይነግራሉ፣ ይዘው ይሄዳሉ። ብሩን ወደዚያ ቤት ያስገባው ማን እንደነበረ፣ ምን ተሸጦ እንደተገኘ፣ ከየትኛው ክፉ ቀን እንደተረፈ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ሳይጠየቅ የሚቀረው ይህ ነገር ነው።

ጠገራ ብር ከሌላው ጥንታዊ ገንዘብ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በላዩ የተቀረጸው ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር 1780 ነው፤ ሁልጊዜም 1780 ነው። የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያ ዓመት ነበር። እርሷ ካረፈች በኋላም የምሥራቅ ነጋዴዎች ከለመዱት መልክ ሌላ አንቀበልም ስላሉ፣ ምስሏና ዓመቱ ሳይለወጥ መቀረጹ ቀጠለ። ቪየና፣ ጉንዝቡርግ፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ ቀረጹት፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተጨመሩ። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ገጹ ሻሽ ያደረገች ንግሥት፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር፣ በጠርዙ ዙሪያ ፍትሕንና ምሕረትን የሚጠራ የላቲን ቃል አለው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በይፋግ ገበያ የተቆጠረ ብርና በ1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር በግመል ተጭኖ የመጣ ብር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓመታቸው አንድ ነው። ብሩ ያልያዘውን ዘመን የያዘው ቤተሰቡ ነው።

በሌላ አገር ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉትን የቻይናን ጥንታዊ ሳንቲም ብንወስድ፣ ከነሐስ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ፣ መካከሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው፣ በገመድ እየተሰካ የሚቆጠር ገንዘብ ነው። ቻይናን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 አንድ ያደረገው የቺን መንግሥት ይህን መልክ ለአገሩ ሁሉ ደነገገ፤ መልኩም እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ቆየ። በብዙዎቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ የዘመን ስም ተጽፏል። ስለዚህ ከቻይና ወጥቶ በሩቅ አገር የሰፈረ ቤተሰብ ከአያቱ የወረሰውን ሳንቲም ይዞ ወደ አዋቂ ቢሄድ፣ ቤተሰቡ የረሳውን ዘመን ሳንቲሙ ይነግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኬንያ ጠረፍ፣ በማንዳ ደሴት፣ ተመራማሪዎች ያገኙት አንድ ቀዳዳ ሳንቲም የንጉሠ ነገሥት ዮንግል የዘመን ስም ነበረው፤ በላዩ በተጻፈው ቃል ብቻ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ መሆኑ ታወቀ።

በብር ገንዘብም ቢሆን የቻይናና የእኛ መንገድ ተለያይቷል። የቻይና ነጋዴዎች ከሜክሲኮ የሚመጣውን ብር ሲቀበሉ የራሳቸውን ትንሽ ማኅተም ይመቱበት ነበር፤ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ የሄደበት መንገድ በገላው ላይ ተጽፎ ቀርቷል። የእኛ አገር ገበያ ግን የተበሳ፣ የተፋቀ፣ የተነካካ ጠገራ አይወድም ነበር። ንጹሕ ሆኖ መጣ፣ ንጹሕ ሆኖ አለፈ፤ ማን እንደያዘው የሚመሰክር ጭረት እንኳ የለበትም።

ሁልጊዜ ግን የሌላ አገር ንግሥት መልክ ይዘን አልኖርንም። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅና የብር ገንዘብ አስቀርጿል። በሁለት የእህል ዘለላ መካከል የንጉሡ ራስ ይታያል። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ከላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ምልክት ወርዶ መስቀል ተተካ። በንግድ ወደ ውጭ የሚሄደው ወርቅ በግሪክ ተጻፈ፤ በአገር ውስጥ የሚዞረው ርካሽ ገንዘብ ላይ እየቆየ ግዕዝ ገባበት፤ በአንዳንዱም ይህ ገንዘብ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚል ምኞት ተቀረጸ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በመዳቡና በብሩ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ይቀቡ የነበረ መሆኑ ነው፤ በድሃው እጅ በሚዞረው ገንዘብ ላይ ወርቅ ማኖር ምን ዓይነት መንግሥት እንደነበረ ይናገራል። የአክሱም ገንዘብ በደቡብ ዓረብና በሕንድ ምድር ተገኝቷል። በእኛ በኩል ደግሞ በደብረ ዳሞ ገዳም ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። እነዚያን ከሕንድ ወገን የመጡ ወርቆች ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን እንዳኖራቸው የሚናገር ቃል ግን አብሯቸው አልተገኘም። የውጭ ገንዘብ ወደ እኛ ይመጣል፣ በክፉ ቀን ይደበቃል፣ ቃሉ ይጠፋል፤ ይህ ልማድ ከጠገራ ብር ብዙ ይቀድማል።

በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ገንዘብ መቀረጽ ቆመ። ከዚያ በኋላ፣ የራሷን መሐለቅ ታስቀርጽ የነበረችው ሐረር ሳትቆጠር፣ ኢትዮጵያ ከ1,200 ዓመት በላይ የራሷን ገንዘብ አልቀረጸችም። ገበያው ግን አልቆመም። ከአፋር በረሃ የተቆረጠ አሞሌ ጨው በግመል፣ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ደጋውን ይወጣ ነበር። አሞሌ ከተቆረጠበት ሲርቅ ይወደዳል፤ በአንድ ጠገራ በትግራይ ብዙ አሞሌ ይገዛል፣ ጎጃም ሲደርስ ጥቂት ብቻ። ነጋዴው የሚያተርፈው በዚህ ልዩነት ነበር። ጨውና ብር እንደ ባልና ሚስት ሥራ ተካፍለው ኖረዋል፤ ጠገራ በሬና በቅሎ ይገዛል፣ አሞሌ በርበሬና ጌሾ። ሽርፍራፊ የሌለው ገንዘብ ብቻውን ቤት አያኖርምና።

ፎገራ በዚህ ንግድ መካከል ላይ ነበረ። በደቡብ ምዕራብ ካለው ከእናርያ የተነሣው ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና ዝሆን ጥርስ፣ ከእርሱም ጋር በባርነት የተሸጠው ሰው፣ ጎጃምን አቋርጦ ዓባይን ይሻገር ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው የአላታ ድልድይ ወደ ደራ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ በጣና ዳር ቆራጣ፣ በሜዳው ማዶ ይፋግና ደሪጣ አሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይፋግ በሰሜኑ አገር ስማቸው ከሚጠራ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ቀረጥ የሚቀረጥበት፣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት። ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከዚህ ነጋዴው ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይሄዳል። ዕቃው ሲወርድ ጠገራው ይወጣል። ከትሪየስቴና ከቬኒስ ወደብ ተነሥቶ በእስክንድርያና በካይሮ፣ በጅዳና በምጽዋ አድርጎ የሚመጣው ብር ጉዞውን የሚጨርሰው ርብና ጉማራ በሚያጠጡት ሜዳ ላይ ከብት ከሚያሰማራ ሰው መዳፍ ላይ ነበር።

ያ ሰው ብሩን ዝም ብሎ አይቀበልም። በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያለውን የሉል ድርድር፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ይቆጥራል። ከደረቷ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ ጎልተው መታየት አለባቸው። ፊደሎቹ የጉንዝቡርግ ገንዘብ ማስቀረጫ ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፤ የፎገራ ገበሬ ይህን ባያውቅም የፊደሎቹን ቦታ ግን ያውቃል። ያለቀ ብር ይመለሳል፤ ከልክ በላይ የሚያብለጨልጭ አዲስም ይጠረጠራል። ላቲን ሳያነብ የሩቅ አገር ገንዘብን በጣትና በጆሮ የሚመረምር ሰው የነበረውን ዕውቀት ልናከብረው ይገባል፤ ዛሬ ሐሰተኛ ጠገራ በየከተማው ሲሸጥ ያንን ምርመራ የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነው።

አንድ ጠገራ ወደ ቤት የሚገባበት በር ብዙ ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ወይፈንና ጊደር ወደ ገበያ ወርዶ ብር ሆኖ ይመለሳል። ኑግና ማር ይሸጣል። ብሩ ከገባም በኋላ ለዕለት ወጪ አይፈታም። የሴት ልጅ ጥሎሽ ይሆናል፤ የልጅ ጠመንጃ ይሆናል፤ ለሹም ግብር፣ ለሙግት ውርርድና ዋስትና፣ ለአባት ተዝካር ይጠበቃል። ልጅ ታሞ የዳነለት ሰው በጣና ደሴት ላለ ገዳም ይሳላል፤ ያ የስለት ብር ቀልጦ ጸናጽል ወይም የመቋሚያ ራስ ይሆናል። በአገራችን ይህ ነው የሚባል የብር ማዕድን ስላልነበረ አንጥረኛው የሚያቀልጠው ጠገራን ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ ያለው የድሮ የብር ንዋየ ቅድሳት፣ በየእናቱ አንገት ያለው መስቀል፣ አብዛኛው በአንድ ወቅት የማርያ ቴሬዛ መልክ ነበረው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የቤተሰብ ታሪክ በሁለት መንገድ ይወረስ ስለነበር። የርስት ታሪክ በአደባባይ የሚነገር ነው። ርስት የሚገባኝ ከእገሌ ስለተወለድሁ ነው የሚል ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት፤ ቆጠራው ከተሳሳተ መሬቱ ይሄዳል። በጎንደርና በጎጃም ገጠር ስምንትና ዐሥር ትውልድ የሚቆጥሩ ሰዎች የነበሩት ስለዚህ ነው። የብር ታሪክ ግን በጓዳ ይነገራል። ጌጡ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ያልፋል፤ «ይቺን አባቴ በሠርጌ ቀን ያሰሩልኝ ናት፤ ብሩን ያመጡት ከይፋግ በሬ ሸጠው ነው» የሚለው ቃልም አብሮ ያልፋል። ይህን ቃል የሚያስገድድ ዳኛ፣ የሚጠይቅ ተከራካሪ አልነበረም። በፍቅር ብቻ ቆመ፤ ስለዚህም ቀድሞ ተሰበረ።

ሌላው የብር መኖሪያ መሬት ነው። ሰው በማድጋ አድርጎ ከቤቱ ምሰሶ ሥር፣ ከበረቱ፣ ከማሳው ዳር ይቀብራል። ቦታውን ለበኩር ልጁ ወይም ለንስሐ አባቱ ብቻ ይነግራል። ይህ ንፉግነት አይደለም፤ የዘመኑ ሰው ያየውን አይቶ ያደረገው ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን መሐዲስቶች ጦር ደንቢያን አልፎ ጎንደርን ዳግመኛ አነደደ። ወዲያውም ክፉ ቀን መጣ፤ የከብት በሽታው በሬውን ጨርሶ፣ አንበጣና ድርቅ ተከትሎ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩ ጠፋ። ከብት ሀብቱ ለነበረው ለፎገራ ሰው ያ ዘመን ምን እንደነበረ ማሰብ ይከብዳል። ማድጋውን የቀበረው ሞተ፤ ቦታውን የሰማው ልጅ ሞተ ወይም ተሰደደ፤ ንስሐ አባቱም አልተረፈም። ዛሬ ገበሬ ሲያርስ ብር አገኘ ሲባል የምንሰማው ወሬ የሀብት ወሬ መስሎ ይነገራል። እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ ግን ቦታውን ሊነግር ሲል ሰው ያጣ አንድ አባት ነው።

ከዚያ ጥፋት ማግስት ዐፄ ምኒልክ የአገሪቱን ገንዘብ እንደገና ማስቀረጽ ጀመሩ። በ1885 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፤ በፓሪስ የተቀረጸው ብር 1887 የሚል ዓመት ይዞ መጣ። አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፣ ግርሽና ቤሳም ተከተሉ። ክብደቱና የብር ይዘቱ ከጠገራ ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ ነበር። በአንድ ገጹ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው አንበሳው ሰንደቅ ይዞ ቆሟል። ከአክሱም በኋላ የኢትዮጵያ ንጉሥ መልክ በገንዘብ ላይ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም የሰሜን ገበያ ጠገራውን አልለቀቀም። ባለ አንበሳውን ብር ያልተቀበሉት ንጉሡን በመናቅ አልነበረም፤ አያቶቻቸው ፈትነው ያጸደቁት ገንዘብ በእጃቸው ስለነበረ ነው። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በኋላም ወረቀት ሲያሳትም፣ ሒሳቡ የሚሠራው በጠገራ ነበር።

ጣልያን ይህን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ወረራውን ሲያዘጋጅ ጠገራ የመቅረጽ መብቱን ከኦስትሪያ ወስዶ ቅርጹን ወደ ሮም አዞረ። ኢትዮጵያን ለመውጋት የኢትዮጵያ ሰው የሚያምነው ብር ያስፈልግ ነበርና። ለንደንና ሌሎቹም ከዚያ ወዲያ ራሳቸው መቅረጽ ያዙ። አገሩ ከተያዘ በኋላ ሊሬ በግድ ቢታወጅም ገበሬው ወረቀቱን በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኦሜድላ ተነሥተው በጎጃም ሲገቡ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ጋር በግመል የተጫነው ዕቃ ከመሣሪያና ከጥይት ሌላ ጠገራ ብር ነበር፤ ቦምቤይ ለዚያ ጦርነት ብዙ ሚሊዮን ቀርጻለች። እንግዲህ በአንበሳሜ በሁለት ጎረቤት ቤት ሁለት ብር ይኖር ይሆናል፤ አንዱ ወራሪው ባንዳን የቀጠረበት፣ ሌላው አርበኛ የተሰነቀበት። በሚዛን እኩል ናቸው። ልዩነታቸው ያለው በቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን ያልጠየቀ ሰብሳቢ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ይገዛል።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ ዋለ። ወረቀቱ በአሜሪካ ታተመ፤ ሕዝቡ ወረቀት እንዳይፈራ ደግሞ ከእውነተኛ ብር የተሠራ ባለ 50 ሳንቲም፣ 1936 የሚል ዓመት ይዞ፣ አብሮ ወጣ። ሕዝቡም የሚጠበቅበትን አደረገ፤ ወረቀቱን አወጣ፣ ብሩን ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ ከጠገራው አጠገብ ባለ አንበሳው 50 ሳንቲም ይገኛል። መንግሥት በተለወጠ፣ ገንዘብ በተለወጠ ቁጥር ብረቱን የማስቀረት ልማድ ከአክሱም ዘመን እስከዚያ ድረስ አልተለወጠም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ርስት ቀረ። ገባር ከግብሩ፣ ጭሰኛ ከባለ መሬቱ ነጻ የወጣበት ነውና ማንም በቅንነት የሚያስብ ሰው አዋጁን በአንድ ወገን ብቻ አይመዝነውም። ግን ያልታሰበ ነገርም አብሮ መጣ። ትውልድ መቁጠር ጥቅሙ ቀረ። መሬት በቀበሌ ከተደለደለ ዐሥር አባት መቁጠር ለምን ይጠቅማል? የተወለዱት ልጆች አልተማሩትም፤ የሚያውቁት ሽማግሎች አንድ በአንድ አለፉ። በጓዳ የሚነገረው የብር ቃል ያለ ዳኛ እንደቆመ ተናግሬያለሁ፤ ከእርሱ ጋር የቆመው የአደባባዩ ቃልም ያን ጊዜ ወደቀ። የቤተሰብ ትዝታችን በዚህ ሃምሳ ዓመት የደረሰበት ጉዳት ከቃጠሎውና ከዘረፋው ያላነሰ ይመስለኛል።

በዚያው ዘመን ሜዳው ራሱ ተለወጠ። በ1964 ዓ.ም. መባቻ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቻይናን ጎበኙ፤ ከዚያ ወዳጅነት ፍሬ አንዱ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት ወደ ወልድያ የሚወጣው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና ነው። ክረምት ክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ተሞከረበት፤ ዛሬ ፎገራ በኢትዮጵያ የሩዝ አገር ተብሎ የሚጠራ ሆኗል፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከሉም በወረታ ነው። ላም ያሰማራ የነበረው ሰው ሩዝ ፈታጊ፣ ሽንኩርት ነጋዴ ሆነ። ገንዘብ በሜዳው ላይ ከቀድሞው ይልቅ በፍጥነት ይዞራል፤ በአንድ ቤት የሚቆይበት ጊዜ ግን አጠረ።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠ፤ ወረቀት በቤት ያከማቸ ሁሉ ወደ ባንክ ሮጠ። በዚያው ዓመት ቴሌ ብር ተጀመረ፤ ዛሬ የወረታ ነጋዴ የሩዙን ዋጋ በስልክ ይቀበላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ወርቅና ወደ ብር ጌጥ ዘንበል አለ። አያቱ ሊሬን የተጠራጠረበት ምክንያት በልጅ ልጁ ላይ ሲሠራ አየን። ጠገራ ገዢውም የበረታው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ወደ አንድ ቤት ገብቶ «እማማ፣ ብሩን ያሳዩኝ እስቲ» ይላል፤ እማማም ለልጅ ትምህርት፣ ለሐኪም፣ ለክረምት ማዳበሪያ ይሸጡታል። መሸጣቸውን ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ ብሩ ከመጀመሪያውም የተቀመጠው ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር። የሚያሳዝነው ከብሩ ጋር ቃሉም በነጻ መሄዱ ነው።

በውጭ ያሉ ጥንቁቅ ሰብሳቢዎች ዛሬ ጠገራን በዝርዝር ያነባሉ። በትከሻ ጌጡ ላይ ያሉትን ሉሎች፣ በንስሩ ጭራ ላይ ያሉትን ላባዎች ቆጥረው ይህ የሚላኖ ነው፣ ይህ የቪየና፣ ይህ የለንደን ይላሉ። የእኛ ነጋዴ ጥንት ለፍተሻ ይቆጥረው የነበረውን ሉል እነርሱ ለታሪክ ይቆጥሩታል። ይህ ዕውቀት ብሩ የት እንደተወለደ ይነግረናል። ወደ ፎገራ ከገባ በኋላ የሆነውን ግን የሚነግር ላባ የለም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ገንዘብ ታሪክ የጻፉት በተጓዦች ማስታወሻና በመንግሥት መዝገብ ላይ የቆመ ታላቅ ሥራ ነው፤ በአንድ የደራ ቤት ውስጥ የተባለው ነገር ግን ከተጓዥም ከመዝገብም ውጭ ነው። ያንን ሊጽፍ የሚችል የቤቱ ልጅ ብቻ ነው። ስልክ ሁሉም እጅ አለ። የአያትን ድምፅ መቅዳት፣ ብሩ ከማን ወደ ማን እንዳለፈ በስም መጻፍ፣ ምን ተሸጦበት እንደመጣና ለምን እንዳልተሸጠ መጠየቅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ብሩ ቢሸጥ እንኳ ፎቶውና ቃሉ ይቀራል። ገዢውም በጎ ሰብሳቢ ከሆነ ያንን ወረቀት ከብሩ ጋር ቢጠይቅ ራሱን ይጠቅማል፤ ታሪኩ የታወቀ ሳንቲም በዓለም ገበያ ከሌላው ይበልጣልና።

ወደፊትም ከመሬቱ ብዙ ነገር ይወጣል ብዬ አምናለሁ። የርብ ግድብ ውኃ በፎገራና በሊቦ ከምከም በቦይ እንዲሄድ መሬት እየተቆፈረ ነው፤ ትራክተር ከሞፈር ይልቅ ጠልቆ ያርሳል፤ ወረታም በየዓመቱ ወደ ማሳው ትሰፋለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማውጣትንም ይከለክላል። በተግባር ግን ማድጋ ሲገኝ ብሩ በዕለቱ ይከፋፈላል፣ በሳምንቱ ይሸጣል፣ ማድጋውም ይሰበራል። ቢያንስ አንድ ነገር ከዚያ በፊት ማድረግ ይቻላል፦ ብሮቹን ሳይበትኑ አንድ ላይ ፎቶ ማንሳት፣ የተገኙበትን ማሳ ስምና ጥልቀት መጻፍ፣ ከዚያም በሰፈሩ ከ75 ዓመት በላይ የሆናቸውን አባቶችና እናቶች ዛሬውኑ ሄዶ ያ ማሳ ከ1967 ዓ.ም. በፊት የማን ርስት እንደነበረ፣ ባለ ርስቶቹም ከእነማን እንደተወለዱ መጠየቅ።